ኃይል ቆጣቢ ቤትን በባሕር ዳር የበለጠ ወጪ ቆጣቢና ለአካባቢ የሚስማማ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አምፖል ቀይረው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተው፣ ኮርኒስ አስመትተው «ከዚህ በኋላስ ምን ላድርግ?» ለሚሉ የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ነዋሪዎች።

አምፖሎቼ በሙሉ ኤልኢዲ ናቸው፣ ማቀዝቀዣዬም አዲስ ነው። የሚቀነስ ነገር ቀርቷል?

ቀርቷል፤ አምፖሉ ላይ ግን አይደለም። ስምንት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች በየምሽቱ አምስት አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር የሚፈጁት 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ ያህል በአንድ ቀን ጋገራ ይጨርሰዋል። ብርሃን፣ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚወስዱት ትንሽ ነው። ብዙውን የሚወስዱት ሙቀት የሚያወጡት ናቸው፦ ምጣድ፣ ምድጃ፣ የገላ ውሃ ማሞቂያ፣ ካውያ።

ወጪውን ስናሰላ የመብራት ቢሉን ብቻ ማየትም ያሳስታል። ከሰል፣ ማገዶና ቡታጋዝ በአንድ ደብተር ላይ አብረው መጻፍ አለባቸው። ቢሉ አነስተኛ ሆኖ በየወሩ ጆንያ ከሰል የሚገባበትን ቤት ቆጣቢ ልንለው አንችልም። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ምጣድና ምድጃ፣ ከዚያ ጣራ፣ ከዚያ የገላ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ የፀሐይ ፓነል ነው። ብዙ ሰው ከፓነሉ ይጀምርና ገንዘቡ የሚባክን ኃይል ለማመንጨት ይውላል።

የትኛው ዕቃ ብዙ እንደሚፈጅ በምን አውቃለሁ?

በራሱ በቆጣሪው። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ አጠገቧ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል። ለምሳሌ 1000 ከተጻፈ በሁለት ብልጭታ መካከል 36 ሰከንድ ካለፈ ቤቱ በዚያች ሰዓት 100 ዋት እየወሰደ ነው ማለት ነው። 3.6 ሰከንድ ብቻ ካለፈ 1000 ዋት ነው። ሁሉንም አጥፍተው አንድ ዕቃ ብቻ እየሰኩ የስልክዎን ሰዓት ይዘው ይቁጠሩ።

ማታ ከመተኛትዎ በፊት ማቀዝቀዣውን ጭምር ከሶኬት ነቅለው ይሞክሩት። ሁሉ ጠፍቶ መብራቷ አሁንም በየደቂቃው ብልጭ የምትል ከሆነ የሆነ ነገር እየበላ ነው፦ ሳይነቀል የቀረ ስታብላይዘር፣ ዲኮደር፣ ወይም መከላከያው የተላጠ ሽቦ። የመጨረሻው ከገንዘብም በላይ ለሕይወት ስለሚያሰጋ ኤሌክትሪሺያን ሳይጠሩ አይደሩ። የቤት ታሪፍ በእርከን የሚጨምር መሆኑንም አይርሱ። ከፍ ካለው እርከን ዝቅ ያለ ሰው የሚያድነው ከጠበቀው በላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣዴን ፍጆታ በምን ልቀንስ?

በአብዛኛው ቤት ትልቁ ወጪ እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። የተለመደው ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ሸክላው ሥር የተቀበረው ጥቅል ሽቦ ሙቀቱን ወደ ላይ ብቻ አይልክም፤ ወደ ታችም ይልካል። ወደ ታች የሚሄደውን የሚያስቀረው ከሥሩ ያለው መከላከያ ነው፤ በብዙ ምጣድ ላይ ደግሞ እሱ ስስ ነው ወይም ጭራሹኑ የለም። ጋገራው ሲጋመስ እጅዎን ከምጣዱ ሆድ ሥር፣ ሳይነኩት፣ ጠጋ ያድርጉ። ወላፈኑ የሚገርፍዎ ከሆነ የከፈሉበት ሙቀት ወለሉን እያሞቀ ነው። ምጣድ የሚጠግን ባለሙያ ሆዱን ከፍቶ ፋይበር ግላስ ወይም ሌላ እሳት የማይበላው መከላከያ ሊያለብስልዎ ይችላል። አዲስ ሲገዙም ከመልኩ በፊት ስለ ሥሩ ይጠይቁ። አክንባሎው በደንብ የሚገጥም፣ ሸክላውም ያልተሰነጠቀ ይሁን።

ሁለተኛው የመጋገሪያ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ስለሚጠቀም የመብራቱ ጉልበት ይወርዳል። 220 ቮልት መሆን ያለበት 190 ሲሆን የምጣዱ ኃይል ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ማሟሻው ዓይን ሳያወጣ ሊጡን ይዘን እንቆማለን፤ ጋገራው ይረዝማል፣ በዚያ ሁሉ ሰዓት ሙቀቱ በሥርም በጎንም ይባክናል። ጠዋት የሚጋግር ሰው ያንኑ እንጀራ ባነሰ ኃይል ያወጣል።

ሦስተኛው ማከታተል ነው። ምጣዱ ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪግል የሚበላው ኃይል ሁለት እንጀራ ቢጋገርም ሠላሳ ቢጋገር ያው ነው። በየሁለት ቀኑ ከሚጋገር በሳምንት ሁለት ቀን አብዝቶ መጋገር ይሻላል። ጎረቤት ከጎረቤት ተቀባብሎ በአንድ ግለት ቢጋግር ደግሞ የበለጠ ነው። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍተው በቀረው ግለት ይጋግሩ፤ ከዚያ ድርቆሽ ያድርቁበት ወይም የማጠቢያ ውሃ ይጣዱበት።

ለወጥና ለቡና ከሰል ይሻላል ወይስ መብራት?

በቁጥር እንየው። አንድ ኪሎ ከሰል 8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው፤ ከምድጃ ወደ ድስቱ የሚደርሰው ግን ሩብ ያህሉ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ከሰል የሚሠራውን ሥራ 3 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይሠራዋል። ዛሬ በገበያ የገዙትን የኪሎ ከሰል ዋጋ በቢልዎ ላይ ካለው የ3 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ጋር ራስዎ ያስተያዩት። ለአካባቢ ከሆነ ክርክር የለውም፤ በአፈር ተሸፍኖ የሚከስል እንጨት አንድ ኪሎ ከሰል ለመስጠት አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ አርሶ አደሮች ለከሰል ብለው የሚተክሉት ዲከረንስ የተባለው ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዓይነት ከአገር በቀል ዛፍ የተሻለ ምንጭ ነው። ጆንያው ከየት እንደመጣ ግን ገዢው ሊያረጋግጥ አይችልም።

ቡናን በተመለከተ ከ600 እስከ 1000 ዋት የሆነች ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለመቁላቱም ለጀበናውም ትበቃለች። ጀበናው እንዳይሰነጠቅ ምድጃው ሳይግል ይጣዱትና ቀስ ብሎ ይሙቅ። ለዕጣኑ ሁለት ሦስት ፍም ይበቃል፤ ለዚያች ሲባል ምድጃ ሙሉ ከሰል ማቀጣጠል አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ የሚጠቀሙበት የከሰል ምድጃ ላቀች የተባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ቢሆን ይመረጣል። አንድ ነገር ግን ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፦ በር ዘግቶ ከሰል ማጨስ ይገድላል። ጭሱ ባይታይም፣ ፍሙ «ጥርት ያለ» ቢሆንም ይገድላል።

ኢንዳክሽን ምድጃ ልግዛ?

ድስቱን ራሱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቅ ምድጃ ስለሆነ ከተራው የኤሌክትሪክ ምድጃ ይቆጥባል፣ ይፈጥናልም። ግን ሸክላ ድስት፣ ጀበናና ተራ የአሉሚኒየም ድስት አይሠሩበትም። ማግኔት ይዘው ወደ ጓዳዎ ይግቡና የድስቶቹን ቂጥ ይሞክሩ፤ የሚይዘው ይሠራል። ብዙዎቹ ካልያዙ ድስት የመቀየሩ ወጪ ቁጠባውን ለዓመታት ይበላዋል።

በዚያ ገንዘብ ጥሩ ፕሬዠር ድስት ቢገዙ የበለጠ የሚጠቀሙ ይመስለኛል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ የሚያስቸግሩን አንዱም ለዚህ ነው፤ ፕሬዠር ይህን ያስተካክላል። የፎገራ ሩዝና ምስር ደግሞ አንዴ ከፈሉ በኋላ ድስቱን ከድነው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ቅርጫት ውስጥ ቢያስቀምጡት ያለ እሳት ይበስላሉ።

ኮርኒስ አለን፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቤቱ ግን አሁንም ይጋግራል። ምን ይደረግ?

ኮርኒስ ብቻውን አይበቃም። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የታመቀው አየር ቀኑን ሙሉ ይግልና ማታ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። የመጀመሪያው መፍትሔ ርካሹ ነው፤ አየሩ መውጫ ይኑረው። ከጣራው ክፈፍ ሥር በሁለት በኩል ቀዳዳ ተከፍቶ፣ የሌሊት ወፍና አይጥ እንዳይገቡ በሽቦ ወንፊት ይዘጋ፤ ከተቻለ በጣራው ጫፍ ላይም መተንፈሻ ይኑረው።

ሁለተኛው ቀለም ነው። ቀይና አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ወይም የዛገ ቆርቆሮ ፀሐይን ይጠጣል፤ ነጭ አብዛኛውን ይመልሳል። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ላይ ዝገቱን አስፍቆ፣ አንቲረስት አስቀብቶ በነጭ መሸፈን ለብዙ ቤቶች የማውቀው ምርጥ ኢንቨስትመንት ነው። ሦስተኛው ኮርኒሱ ላይ ፋይበር ግላስ ማንጠፍ ነው። ጭድ የሚያነጥፉ አሉ፤ አይጥ ይራባበታል፣ ሽቦ ቢያረር ደግሞ ቤቱን ያቃጥላል፤ እባካችሁ ተዉት።

የምዕራብ መስኮትን በተመለከተ ክፈፍ አያድነውም፤ የከሰዓቷ ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትገባው። በዚያ በኩል ማንጎ ወይም ሌላ ጥላው ሰፊ ዛፍ መትከል፣ እስኪያድግ ደግሞ ከውጭ በኩል ሰሌን ማንጠልጠል ከውስጥ መጋረጃ በብዙ ይበልጣል። የጭቃ ግድግዳ ያላችሁ በብሎኬት ለመቀየር አትቸኩሉ፤ ወፍራም ጭቃ ቀን ቀዝቃዛ፣ ሌሊት ሞቃት ነው።

ኤርኮንዲሽነር ያስፈልገናል?

በእኔ እምነት ለመኖሪያ ቤት አያስፈልግም። ጣሪያ ላይ የሚሰቀል ቬንትሌተር ከ50 እስከ 75 ዋት ይበቃዋል፤ ኤርኮንዲሽነር ከ1000 ዋት በላይ ይወስዳል። ከተማችን በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ስለሆነች ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ፣ ከሰሜን ይነፍሳል። በሰሜን በኩል ዝቅ ያለ፣ በደቡብ በኩል ከፍ ያለ መክፈቻ ያለው ክፍል ራሱን ያቀዘቅዛል። የወባ አገር ስለሆነ ወንፊት የሌለው መስኮት ሲመሽ ይዘጋል፣ ቤቱም ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ስለዚህ የመስኮት ወንፊት ለጤናም ለቅዝቃዜም ነው።

የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እዚህ ያዋጣል?

በየቀኑ ሙቅ ውሃ የሚጠቀም ቤተሰብ ካለ ያዋጣል። 150 ሊትር ውሃን በ30 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ከመስከረም እስከ ግንቦት ይህን ፀሐይዋ በነፃ ትሰጣለች፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን በመብራት ማገዝ ግድ ነው። አንድ ሰው ብቻ በሳምንት ጥቂት ቀን ሻወር የሚወስድበት ቤት ከሆነ አይግዙ። ቦይለሩን ቀኑን ሙሉ ሰክቶ ከመተው ከመታጠብዎ አንድ ሰዓት በፊት ማብራት ይበቃል።

የመስታወት ቱቦ ላለው ማሞቂያ አንድ ጥንቃቄ አለ። ውሃ ጠፍቶ ታንከሩ ባዶ ከሆነ ቱቦዎቹ በፀሐይ ክፉኛ ይግላሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ውሃ መጥቶ ቀዝቃዛው ድንገት ሲገባባቸው ይሰነጠቃሉ። የውሃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር ማሞቂያው በቀጥታ ከመስመር ሳይሆን ከሮቶ ይሙላ፤ ባዶውን ከዋለ ደግሞ ሲመሽ ይሞላ።

የጣራ ውሃ ማጠራቀም ምን ያህል ይጠቅማል?

አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሊትር ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1400 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ከግማሽ የሚበልጠው በሐምሌና በነሐሴ ነው። 50 ካሬ ጣራ ያለው ሰው በአንድ ከባድ ዝናብ የ2000 ሊትር ሮቶ ሊሞላ ይችላል። ለልብስ፣ ለሽንት ቤትና ለጓሮ ይጠቀሙበት። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥቡ ወደ ውጭ ይልቀቁ፤ ለትንኝ እንዳይመች አፉን በወንፊት ይሸፍኑ።

የፀሐይ ፓነል ልግጠም? ስንት ይበቃኛል?

ዓላማዎ መብራት ሲጠፋ እንዳይጨልም ከሆነ አዎ፤ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥን፣ ለዋይፋይና ለማቀዝቀዣ በቀን ከ1 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። አንድ ኪሎዋት ፓነል እዚህ በአማካይ በቀን ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሰጣል፤ በክረምት ይቀንሳል። ዓላማዎ ምጣዱን ከባትሪ ለማስነሳት ከሆነ ግን ቆም ብለው ያስቡ። ለምጣዱ ብቻ ሲባል ኢንቨርተሩም (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው) ባትሪውም ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ምጣዱን ከመስመሩ ጋር ይተዉት።

አቀማመጡ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ቢዘነብል ጥሩ ነው፤ የብዙ ቆርቆሮ ጣራ ተዳፋት ለዚህ ይቀርባል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን እንደምትዞር አስተውለው «ወደ ሰሜን ላዙረው» የሚሉ አሉ። ከዚያ ጊዜ አብዛኛው ደመና ስለሆነ አያዋጣም። የዛፍ ጥላ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱ ፓነል ጥግ ላይ የወደቀ ጥላ ተያይዘው የተገጠሙትን ሁሉ ሊያደክም ይችላል። በበጋ አቧራውን ጠዋት፣ ፓነሉ ሳይግል ይጠቡ። ባትሪ ላይ ርካሹን አይምረጡ፤ ተራው የሊድ ባትሪ ከግማሹ በታች ሲወርድ ቶሎ ይሞታል፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ውድ ቢሆንም በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይሞላል።

ኮንዶሚኒየም ወይም ኪራይ ቤት ነኝ። ምን ማድረግ እችላለሁ?

ጣራው የጋራ ስለሆነ ፓነልና ማሞቂያ ያለ ማኅበሩ ስምምነት አይሆንም። ተሸክመውት የሚሄዱትን ይግዙ፦ ፕሬዠር ድስት፣ ቬንትሌተር፣ ጥሩ ምጣድ፣ በረንዳ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሶላር። አከራይ ካለ የጣራ ቀለሙን ወጪ ከኪራዩ እንዲያቻችል ይጠይቁት፤ ቤቱ የእሱ ነው፣ ጣራውም በመቀባቱ ዕድሜው ይረዝማል።

መብራታችን ከውሃ ነው የሚመጣው። ታዲያ መቆጠቡ ለተፈጥሮ ምን ይጨምራል?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ጢስ ዓባይ ማመንጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ 460 ሜጋዋት የሆነው ጣና በለስ በግንቦት 2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ታላቁ የህዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ስለሆነ እዚህ አምፖል ማጥፋት ድንጋይ ከሰል በሚያቃጥል አገር የሚኖረውን ትርጉም ያህል የለውም። ስለዚህ ከሰሉን ትተው ወደ መብራት ሲዞሩ ቢልዎ ቢጨምር አይደንግጡ፤ ቤትዎ ለአካባቢ የተሻለ ሆኗል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጠቅላላ ወጪው ቀንሷል።

ቁጠባው የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። ምሽት ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ይቃጠላል፣ ሰፈሩም ለቀናት ወደ ከሰል ይመለሳል። ጣና በለስ ውሃውን የሚወስደው ከሐይቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጣና ውሃ ክፉኛ ወርዶ ጀልባና መርከብ ተቸግረው ነበር። ጣና በለስ ያኔ አልተሠራም፤ ውሃው በጢስ ዓባይ በኩል ለኃይል ማመንጫ ሲለቀቅ ዝናብም አንሶ ነበር። ሐይቁን ዓሣ አስጋሪው፣ የደንገሉ ታንኳ ባለቤትና የፎገራ ገበሬ እንደሚጋሩት ማሰብ ይገባል።

ባዮጋዝ ልሥራ? እምቦጭንስ መጠቀም ይቻላል?

ዘንዘልማና መሸንቲ አካባቢ ከብት ያለው ሰው ቢያስብበት መልካም ነው። 6 ሜትር ኪዩብ የሆነ ጉድጓድ በየቀኑ ከ30 እስከ 40 ኪሎ እበትና ያንኑ ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ አራት ከብት ማለት ነው። የእኛ ሙቀት ለባዮጋዝ ይመቻል። ለወጥና ለቡና በደንብ ይበቃል፤ ለእንጀራ ግን የምጣዱ ስፋት ስለሚያስቸግር ብዙዎች ምጣዱን ለብቻው በመብራት ወይም «ምርጥ» በተባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ይይዛሉ። ተረፈ ምርቱ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

እምቦጭ ጣና ላይ ከታየበት ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ተክሉ ተከታትፎ ከእበት ጋር ሲቀላቀል ጋዝ ይሰጣል። ነገር ግን ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ 100 ኪሎ ተሸክመው ቤት ቢያስገቡ ደረቁ ከ10 ኪሎ ያነሰ ነው። ለከሰል ጡብ የሚሆነውም ያው ጥቂቱ ነው፣ ያውም ለሳምንታት ደርቆ። ከሁሉ የሚያስፈራው መዛመቱ ነው፤ ከቅንጥብጣቢው ይበቅላል፣ ፍሬው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። በጋሪ ጭኖ ወደ ጊቢ ማምጣት በየቦዩና በዓባይ ዳር መዝራት ይሆናል። ሥራው የሚሻለው በተነቀለበት ዳርቻ ላይ፣ በማኅበር በሚተዳደር ትልቅ ጉድጓድ ነው። ለግል ቤት ከሆነ እበቱን ይጠቀሙ፤ እምቦጩን ለመንቀል ግን በዘመቻ ቀን እጅዎን ይዘው ይሂዱ።